አሮጊቷ ድመትና እንግዳዋ ግልገል፦ ትውውቃቸው እንዴት ይሠራል?

የፍልሰታ ቅዳሴ ወጥቷል። ደብረ ወርቅ ላይ በነሐሴ ዝናቡ ቢያባራ እንኳ ብርዱ አያባራም፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። አንድ ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቦይ ዳር ስትንቀጠቀጥ ያገኛትን የድመት ግልገል በነጠላው ጠቅልሎ ቤት ያስገባታል። እናቱ "ይህን ደግሞ ከየት አመጣኸው?" ብትለውም አንጀቷ አልችል ይላታል፤ "በል እሳቱ ዳር አስጠጋት" ብላ ትፈቅዳለች። እሳቱ ዳር ግን ባለቤት አለ። ጎተራውን ከአይጥ ስትጠብቅ ያረጀች ድመት ምድጃው ጥግ ተጠቅልላ ተኝታለች። ልጁ ይተዋወቁ ብሎ ግልገሏን እፊቷ ያስቀምጣታል።

ቀጥሎ የሚሆነውን ድመት ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። የአሮጊቷ ፀጉር ይቆማል፣ ጅራቷ ያብጣል፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ይለጠፋል። እፍ ትልና በመዳፏ አንዴ ታጮላለች። ግልገሏ አልጋ ሥር ትገባለች፤ አሮጊቷ ቤቱን ጥላ ትወጣና ማታም አትመለስም። ቤተሰቡ "ቀናች" ይላል።

እኔ ግን በቅናቱ አላምንም። ያየነው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ምክንያት አለው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ጠቡን ከመነሻው ሊያስቀረው ይችላል። ከልቤ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊት አታገናኟቸው።

የቤት ድመት ዘሯ የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ ያችኛዋ ዛሬም ኢትዮጵያ ውስጥ በዱር ትኖራለች። የምታድነው አይጥና ወፍ የመሰለ ትንሽ ነገር ነው። አንዲት አይጥ ለአንድ አፍ እንጂ ለሁለት አትበቃም፤ ስለዚህ አደኑም ክልሉም የብቻ ነው። ሰው እህል ማጠራቀም ሲጀምር አይጥ ወደ ጎተራው መጣ፣ ድመትም አይጡን ተከትላ መጣች። ቆጵሮስ ደሴት ላይ ከሰው ጎን የተቀበረ የድመት አፅም መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ሲሆን ዕድሜው 9,500 ዓመት ገደማ ተገምቷል። በዚህ ሁሉ ዘመን ድመት የለመደችው ከሰው ጋር መኖርን ነው፤ የማታውቃት ድመት ዛሬም ባዕድ ናት። ውሻ በመንጋ ከሚኖር ተኩላ ስለመጣ ጠብ የሚያበርድበት ብዙ ምልክት አለው፤ ጅራቱን ይወሽቃል፣ በጀርባው ይንጋለላል፣ ነገሩ ያልቃል። ድመት እንዲህ ያለ ምልክት የላትም ማለት ይቻላል። የእርሷ መፍትሔ መራቅ ነው። መራቂያ ስታጣ ትማታለች።

በብዙ የገጠር ቤት አዲስ የመጣች ድመት ወደ መጣችበት እንዳትመለስ ከአልጋ እግር ወይም ከምሰሶ ጋር ትታሰራለች። ከቤቱ እንዳትወጣ መፈለጉ ትክክል ነው። ገመዱ ግን ያችን አንዲት መፍትሔ ይወስድባታል። አሮጊቷ ስትመጣባት መሸሽ የማትችል ግልገል ወይ ደንዝዛ ትቀራለች ወይ ጥፍሯን ታወጣለች፤ በሁለቱም መንገድ የምትማረው ነባሯ ድመት የምታስፈራ መሆኗን ነው። የተዘጋ በር የገመዱን ሥራ ያለ ጉዳት ይሠራል።

ይሁን እንጂ ድመቶች አብረው መኖር ያቅታቸዋል ማለት አይደለም። ምግብ በሚበዛበት ቦታ እናትና ሴት ልጆቿ፣ እህትማማቾች፣ ተሰባስበው ይኖራሉ፤ አንዷ የሌላዋን ግልገል እስከ ማጥባት ይደርሳሉ። የሚያስተሳስራቸው ሽታ ነው። ድመት በጉንጯ፣ በአገጯ፣ በግንባሯ፣ በጅራቷ ሥርና በመዳፏ ላይ ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሏት። የበሩን መቃን፣ የጎተራውን ጥግና የእናንተን ባት በጉንጯ ስትታከክ ያን ሽታ እየቀባች ነው፤ ከዚያ በኋላ ያ ዕቃና ያ ሰው የቤቷ ናቸው። አብረው የሚኖሩ ድመቶች እየተላላሱና እየተሻሹ የሁሉም የሆነ አንድ የጋራ ሽታ ያበጃሉ። ያ ሽታ ያላት ቤተኛ ናት፤ የሌላት ባዕድ ናት። ከላንቃዋ በላይ ደግሞ እንዲህ ያለውን የድመት መልእክት የሚያነብ ሌላ የሽታ አካል አላት። አንድ ነገር አሽትታ አፏን ከፈት፣ የላይኛውን ከንፈሯን ሰብሰብ አድርጋ ለአፍታ ስትፈዝ ካያችኋት በዚያ እያነበበች ነው።

እንግዲህ ልጁ ግልገሏን አሮጊቷ ፊት ሲያስቀምጥ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ለድመት መጀመሪያ ሽታ፣ ከዚያ ድምፅ፣ ከዚያ ምግብ፣ ዐይን ለዐይን መተያየት መጨረሻ ላይ ነው። እኛ እንግዳ ሲመጣ ከመቀመጫችን ተነሥተን ደኅናውን ቦታ እንለቅለታለን። በድመት ቤት ይህን ደግነት መገልበጥ ያስፈልጋል፦ እንግዳዋ ጓዳ ትግባ፣ ነባሯ ምድጃዋን፣ መደቧን፣ የምትበላበትን ሳህንና የምትበላበትን ሰዓት እንደያዘች ትቆይ። አሮጊቷ ምንም እንዳልተወሰደባት ስታይ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ጓዳውን ስትመርጡ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። እህል ከነቀዝ ለመጠበቅ ፎስቶክሲን የገባበት ክፍል ለሰውም ለድመትም መኖሪያ አይሆንም፤ ኪኒኑ እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ጋዝ ይገድላል። የአይጥ መርዝ የተበተነበትም እንደዚያው ነው፤ መርዝ የበላች አይጥን የበላች ድመት ትመረዛለች። ንጹሕ ጓዳ ከተገኘ መደበቂያ የሚሆን ካርቶን በጎኑ አስተኝታችሁ አሮጌ ጨርቅ አንጥፉበት፣ ውኃና ምግብ አቅርቡ፣ ከምግቡ ራቅ አድርጋችሁ ደረቅ አፈር ወይም አሸዋ የሞላ ገበቴ አስቀምጡ። አመድ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሲረጥብ መዳፍ ያቃጥላል፣ ሲደርቅም ይቦንናል።

ግልገሏ በርዷት ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ ማሞቅ ነው። ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አድርጉ፤ ሰውነቷ ሳይሞቅ ምግብ ብትሰጧት ሆዷ አይፈጭም። ቁንጫዋን በቀጭን ማበጠሪያ አበጥሩ፤ ያበጠራችሁትን ሳሙና ባለበት ውኃ ውስጥ ንከሩት። ለከብት መዥገር የሚረጨውን መድኃኒት ግን በፍጹም አትንኩ። ፐርሜትሪንና ዳያዚኖን ለበሬ የሚሰጡት ጥቅም ለድመት ሞት ሊሆን ይችላል፤ ፐርሜትሪንን የድመት ጉበት ማርከስ አይችልም። ለሰው ራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞልም በተመሳሳይ ምክንያት ድመት ይገድላል።

ጓዳ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ብትቆይ ጥሩ ነው። ምክንያቱ ጠብ ብቻ አይደለም። ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው የድመት ቫይረስ ከገባ በኋላ ምልክቱ የሚታየው ከ2 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ የጉንፋን ዓይነቶቹም እንዲሁ ቀን ይፈጃሉ። ግልገሏ ካስታወከች፣ ካስቀመጣት፣ ዐይኗ ከመገለ ወይም ምግብ እምቢ ካለች አሮጊቷ አጠገብ አትድረስ። እናንተም ከጓዳ ስትወጡ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ቫይረሱ በእጅና በልብስ ይሻገራል።

የእብድ ውሻ በሽታ ግን በሁለት ሳምንት አይለይም። ከድመትም ይይዛል፤ በድመት ሰውነት ውስጥ ምልክት ሳያሳይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከመንገድ የመጣች ድመት ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ልጆች "ትንሽ ናት፣ ግልገል ናት" ብለው እንዳይደብቁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ደብረ ወርቅ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ ስለሆነች የወረዳውን የእንስሳት ባለሙያ ማግኘት አይከብድም። በዚያ የሚበዛው በሬና በግ ቢሆንም ስለ ድመት ክትባት መጠየቅ አያሳፍርም፤ ግልገሏ 3 ወር ሲሞላት መከተብ ትችላለች። አሮጊቷም አብራ ብትከተብ ይመረጣል።

አሁን ወደ ሽታው እንመለስ። ትውውቁ በጨርቅ ይጀምራል። አንድ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ፣ የተቀደደ ነጠላም ይሆናል፣ ለሁለት ክፈሉት። በአንዱ የግልገሏን ጉንጭ ቀስ ብላችሁ እሹ፤ ከከንፈሯ ጥግ እስከ ጆሮዋ ሥር ያለው ቦታ ነው ዋናው። ሆድና ጀርባ አትንኩ፤ የወዳጅነቱ ሽታ ያለው ጉንጯ ላይ ነው። ጨርቁን አሮጊቷ ከምትተኛበት አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ መሬት ላይ ተዉት። አፍንጫዋ ስር አትደቅኑት፣ መኝታዋም ላይ አታድርጉት። ትመጣለች። አንገቷን አስግጋ፣ የኋላ እግሯን ለመሸሽ አዘጋጅታ ታሸታለች። እፍ ብትል አትቆጧት፤ ጨርቁን በመጠኑ አርቁትና ከአጠገቡ አንዲት ቁራጭ ሥጋ አኑሩ። ሌላኛውን ጨርቅ በአሮጊቷ ጉንጭ አሽታችሁ ለግልገሏ ውሰዱላት። ይህን በየቀኑ ደጋግሙ። አንድ ቀን አሮጊቷ ጨርቁን አሽትታ ዝም ብላ ታልፈዋለች። ዕድል ከቀናም በጉንጯ ትታከከዋለች፤ የራሷን ሽታ በእንግዳዋ ሽታ ላይ ቀባች ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም። ያኔ በሁለቱም ጉንጭ ላይ አንዱን ጨርቅ ማመላለስ ትችላላችሁ።

ጨርቁ ሲለመድ ምግቡ በበሩ በኩል ይቀጥላል። በተዘጋው የጓዳ በር ግራና ቀኝ፣ አንዷ በዚህ ሌላዋ በዚያ፣ በአንድ ሰዓት ይብሉ። በመጀመሪያ ሳህኖቹ ከበሩ ራቅ ይበሉ፤ አሮጊቷ ጆሮዋን ሳታጥፍ ጨርሳ ከበላች በማግስቱ በአንድ ስንዝር ወደ በሩ ይቅረቡ። ጀምራ ከተወች ወይም በሩን እያየች ካጉረመረመች ተቸኩሏል፤ ወደ ትናንቱ ቦታ መልሱት። እዚህ ላይ የሚሠራው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾቹ ላይ ያሳየው ነገር ነው፦ ምግብ ሲመጣ ሁልጊዜ አብሮ የሚመጣ ምልክት ራሱ እንደ ምግቡ ምራቅ ማስመጣት ይጀምራል። ከበሩ ማዶ ያለው ሽታና ኮቴ "ሥጋ መጣ" ማለት ይሆናል።

ታዲያ በፍልሰታ ሥጋ ከየት ይምጣ? ይህ ለእኛ አገር ቤት ትልቅ ጥያቄ ነው፤ የሌላ አገር መመሪያም አይመልሰውም። ከነሐሴ 1 እስከ 15 በቤቱ ሥጋም ወተትም እንቁላልም አይነካም፤ ልጁም ጿሚ ነው። በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው፣ ሥጋ ቤቶቹም ይዘጋሉ። ድመት ግን በሥጋ ብቻ የምትኖር ፍጥረት ናት። ታውሪን የሚባለውን ለልብና ለዐይን የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን መሥራት አይችልም፤ ከሥጋ ማግኘት አለባት። ሽሮና እንጀራ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ይህን አይተኩም። ምግብ ሲያንስ ደግሞ የሁለት ድመቶች ጠብ ይብሳል፤ ክልሉ የተፈጠረው ለምግብ ነውና። የጾም ሰሞን ግልገል ያስገባ ሰው እንቁላል ቀቅሎ በትንሽ በትንሹ ቢሰጥ ይረዳል። በፍስክ ጊዜ ጨውና በርበሬ ያልነካው ሥጋ በቀጭኑ ዘልዝሎ ማድረቅም ደኅና ስንቅ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲነከር ሽታው ይመለሳል። ለድመት የተቀቀለ እንቁላል የያዘ እጅ ጾሙን አልሻረም፤ በዚህ የሚሳቀቁ እናቶች አሉና ንስሐ አባታቸውን ቢጠይቁ ልባቸው ያርፋል። ወተት ግን ለአሮጊቷ አስፈላጊ አይደለም፤ አብዛኛው ያደገ ድመት የወተቱን ስኳር መፍጨት ስለማይችል ያስቀምጠዋል።

ሳህኖቹ በሩ ሥር ደርሰው ሁለቱም በሰላም ሲበሉ በሩን ሁለት ጣት ያህል ገርበብ አድርጉት፤ እንዳይከፈት በድንጋይ አስደግፉ። አሁን ይተያያሉ። የመጀመሪያው እይታ በምግብ ጊዜ ይሁን፣ አጭር ይሁን፣ ሳይበላሽ ይዘጋ። የምትመለከቱት ዐይናቸውን ነው። ሳይርገበገብ ፈጥጦ ማየት የጠብ መጀመሪያ ነው፤ ቀስ ብሎ ዐይንን መክደንና መግለጥ የሰላም ነው። በእንግሊዝ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት ሰው ለድመት ዐይኑን በቀስታ ከደን ገለጥ ሲያደርግ ድመቷም እንዲሁ እንደምትመልስና ወደ እንግዳ ሰው እንኳ ለመቅረብ እንደምትደፍር አሳይተዋል። አሮጊቷ ግልገሏን አይታ ዐይኗን ከከደነችና ፊቷን ካዞረች ጥሩ ነው።

በአንድ ክፍል የሚገናኙበት ቀን ሲደርስ ግልገሏን አስቀድማችሁ በገመድ ጫፍ ወይም በላባ አጫውቷት፤ ትድከም። ለአሮጊት ድመት ከሽታ ቀጥሎ የሚከብዳት የግልገል ጉልበት ነው፤ ጅራቷ ላይ መዝለል፣ አንገቷን መንከስ፣ ከእንቅልፍ መቀስቀስ። ዕድሜዋ የገፋ ድመት መገጣጠሚያዋንም ያማታል። በደኅና ጊዜ ቆጥ ላይ ትወጣ የነበረች አሁን መውጣት ካቃታት መሸሻ አጥታለች ማለት ነው፤ በመካከል አንድ በርጩማ አስቀምጡላት። ለግልገሏ ደግሞ ዝቅ ያለ መደበቂያ ይኑራት። አንዴ እፍ ማለትና ጥፍር ያልወጣበት ጥፊ የትምህርቱ አካል ነው፤ አትግቡበት። ተቆላልፈው ከተንከባለሉ ግን በመካከላቸው ሰፌድ አስገቡ ወይም ጋቢ ጣሉባቸው። እጃችሁን አታስገቡ፤ የድመት ጥርስ ቀጭንና ጥልቅ ቀዳዳ ስለሚሠራ ቁስሉ በቶሎ ያመረቅዛል። ከተጣሉም በኋላ የተቆጣችውን ለማባበል አትሩጡ፤ ንዴቷን አጠገቧ ባገኘችው ላይ ትወጣዋለች። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ተዉአት፤ በማግስቱ ደግሞ ከበሩ ጀምሩ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ከጓዳው ሁለት ሳምንት ሌላ፣ ለግልገልና ለለስላሳ አሮጊት አንዳንዴ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ ላደጉ ሁለት ድመቶች ወራት። ብዙ ሰው አቅፈው ካልተኙ አልተስማሙም ይላል። ልክ አይመስለኝም። በአንድ ጣሪያ ሥር አንዷ ምድጃ ዳር ሌላዋ ጎተራ ላይ ሆነው፣ ሳይፈራሩ እየተላለፉ የሚኖሩ ድመቶች ተስማምተዋል። ይህን የሚያጸናው የምግብ ሳህንም የውኃ ጣሳም የአፈር ገበቴም ለየብቻ፣ ተራርቆ መቀመጡ ነው። አንዷ በር ላይ ተኝታ ሌላዋን ከሳህኗ ልታግድ የምትችልበት ቤት ሰላም የለውም፤ ሁለቱም ጸጥ ቢሉ እንኳ የተከለከለችው ስትከሳ ታያላችሁ።

አንድ ነገር ሳይታሰብ ይደርሳል፤ እርሱም እርባታው ነው። ሴት ግልገል ገና በ4ኛው ወይም በ5ኛው ወር መፀነስ ትችላለች፤ እርግዝናዋ 9 ሳምንት ገደማ ነው። በሰሜን አውሮፓ የብርዱ ወቅት ቀን ስለሚያጥር ድመት ከዓመቱ ጥቂት ወራት ታርፋለች። ደብረ ወርቅ ግን ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ ረጅሙና አጭሩ ቀኗ የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው፤ እዚህ ድመት በማንኛውም ወር ልትወልድ ትችላለች። አሮጊቷ አንዲት እንግዳ ለምዳ ሳትጨርስ ቤቱ በአራት አምስት ግልገል ይሞላል። የማምከን ቀዶ ሕክምናን ትምህርቱ በሚሰጥበት፣ በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወይም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ መጠየቅ ይቻላል፤ ሁለቱም ለደብረ ወርቅ ሰው ሩቅ ናቸው። ባይሆን ግልገሏ 4 ወር ሳይሞላት፣ ከአሮጊቷም ጋር በፍጹም ካልሆነላት፣ ድመት የሌለው ቤት ፈልጉላት። ጤፍ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ አይጥም ከማሳ ወደ ቤት ይገባልና በኅዳርና በታኅሣሥ ድመት የሚፈልግ ጎረቤት አይጠፋም። ስትሰጧትም የተኛችበትን ጨርቅ ሳታጥቡ አብራችሁ ስጡ፣ የሚወስዳትንም ሰው በር ያለው ጓዳ ይኖረው እንደሆነ ጠይቁ።